ወፍራም የዱባና የአትክልት ሾርባ በገበሬ ቤት
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ዱባ በአገራችን በአብዛኛው በጓሮ፣ በአጥር ሥርና በጎጆ ጣራ ላይ የሚበቅል ተክል ነው። ማዳበሪያ አይገዛለትም፤ የምድጃ አመድና የከብት ፍግ በሚደፋበት ቦታ ዘሩ ከወደቀ ራሱን ችሎ ያድጋል። ምናልባትም ያለ ብዙ ድካም የሚገኝ በመሆኑ ንቀት ያደረበት ሰብል ነው። ዱባ ወጥ ለእንግዳ ማቅረብ የሚያሳፍራቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት በየጓሮው ሲትረፈረፍ ከፊሉ ለከብት ይጣላል፣ ከፊሉ በገበያ ላይ በወረደ ዋጋ ይሸጣል። በየካቲትና በመጋቢት ጎመኑም ቆስጣውም ሲጠፋ ግን ዱባ ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ ዱባ አተካከል አይደለም። ዱባው ከሐረጉ ከተቆረጠ በኋላ እንዴት እንደሚቆይና እንዴት ወፍራም፣ ለስላሳና ሕፃንን የሚያጠግብ ሾርባ እንደሚሆን ነው። ሾርባ ሲባል የበሽተኛ ምግብ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው መኖሩን እናውቃለን። በሌላ በኩል በረመዳን ወር ጾም በሚፈታበት ሰዓት ሾርባ የማይቀርብበት የሙስሊም ቤት ጥቂት ነው። ስለሆነም ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የሚጎድለው የአሠራሩ ጥንቃቄ ነው።

ለምን ዱባ፣ ለምንስ ወፍራም

የበሰለ ዱባ ሥጋው ብርቱካናማ የሆነው ካሮቲን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ካሮቲን በሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጥ መሆኑን ቶማስ ሙር የተባለ የኬምብሪጅ ተመራማሪ በ1930 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ አሳይቷል። ቪታሚን ኤ የጎደለው ልጅ በመጀመሪያ የሚይዘው ዳፍንት ነው። ቀን ደኅና ሲያይ የዋለ ልጅ ሲመሽ በዕቃ ላይ ይደናቀፋል፣ ከእናቱ እጅ የሚሰጠውን አጥርቶ አያይም። ጉድለቱ ከባሰ ዐይኑ እየደረቀ ይቆስልና ሊታወር ይችላል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም ሲይዘው የመቋቋም ኃይሉ ያነሰ ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ የሚያጋጥመው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሾርባ ከማስተማሩ በፊት ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውንም የቪታሚን ኤ እንክብል ይህ ሾርባ የሚተካው አይደለም። የሾርባው ሥራ ልጁ በየዕለቱ ከቤቱ ምግብ ድርሻውን እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ እንደርሳለን። ካሮቲን ቅባት ከሌለ ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። በጨው ብቻ የተቀቀለ ዱባ የበላ ልጅ ካሮቲኑን በልቶታል እንጂ ብዙውን አልተጠቀመበትም። ሁለተኛው ችግር ውሃ ነው። ዱባ በተፈጥሮው ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ሲሆን፣ 100 ግራም ጥሬ ዱባ የሚሰጠው ኃይል ከ26 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አያልፍም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ክብደቱ 8 ኪሎ የሆነ ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ነው። ያ ብርጭቆ በቀጭን መረቅ ከተሞላ ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ነገር ግን አልተመገበም። እናቲቱም «ልጄ በልቶልኛል» ብላ ትተኛለች። ልጁ እየበላ ለምን እንደሚከሳ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ወፍራም» ስንል ለጣዕሙ ብቻ ብለን አይደለም።

ከስሕተታችን የተማርነው

እዚህ ላይ ራሳችን የሠራነውን ስሕተት መናገር ይገባናል። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መንደር ሠርቶ ማሳያ ያደረግነው በመስከረም መጀመሪያ ነበር። ከጓሮው ትልቁንና መልኩ የሚያምረውን ዱባ መርጠን ቆረጥን። ሾርባ ሁሉ ፈሳሽ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ ስለነበረን ውሃውንም በልግስና ጨመርን። ከአንድ ሰዓት በኋላ በድስቱ ውስጥ የተገኘው ዱባው ወደ ታች የዘቀጠ፣ ውሃው ወደ ላይ የወጣ፣ መልኩ የገረጣ ነገር ሆነ። ለማወፈር የስንዴ ዱቄት ብንነሰንስበት ጓጎለ። እናቶቹ በትሕትና ቀመሱ እንጂ የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እናት፣ «ልጆቼ፣ ይኸ እኮ የዱባ እጣቢ ነው። ዱባውም ገና ልጅ ነው፣ ለምን ቆረጣችሁት?» አሉን። ከዚያም ወደ ጓሯቸው ወስደው በሌላ ዱባ ቅርፊት ላይ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ተከሉ። ጥፍሩ አልገባም። «የደረሰ ማለት ይህ ነው» አሉ።

የዱባ መድረስ በመልኩ አይታወቅም። አንዳንዱ ዘር ደርሶም ቅርፊቱ አረንጓዴ ወይም አመድማ እንደሆነ ይቀራል። የሚታመኑት ምልክቶች ፍሬው ከሐረጉ የተያያዘበት እጀታ ደርቆ እንደ ቡሽ ሲሆን፣ መሬት የነካው ጎኑ ወደ ቢጫ ሲለወጥና ጥፍር ቅርፊቱን መብሳት ሲያቅተው ነው። ሲቆረጥም እጀታው ከአራት እስከ አምስት ጣት ያህል ከፍሬው ጋር መቅረት አለበት። በእጀታው አንጠልጥሎ መሸከም ግን አይገባም፤ ከተገነጠለ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ስለ አቀማመጥ

የተቆረጠው ዱባ ሳይታጠብ፣ ጭቃው በደረቅ ጨርቅ ብቻ ተጠርጎ፣ 10 ቀን ያህል ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቦታ ይቆይ። በዚህ ጊዜ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ ትንንሽ ጭረቶችም ይሽራሉ። ከዚያ በኋላ በቆጥ ላይ ጭድ ተነጥፎ በአንድ ረድፍ ይደረደራል። እርስ በርሱ መነካካት የለበትም፤ በመሬት ላይ ወይም አንዱ በአንዱ ላይ መከመሩ እንደ ድንች ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ሙቀት ለዱባ ተስማሚ ስለሆነ የደጋና የወይና ደጋ ጎጆ ለዚህ የተሠራ ያህል ነው። ጭስ የሚበዛበትና ጣራው የሚያፈስ ቦታ ግን አይሆንም። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እየተገላበጠ የለሰለሰ ቦታ ያለው ዱባ ቀድሞ እንዲበላ ይለያል።

በዚህ ሁኔታ በኅዳር የተቆረጠ ጥሩ ዱባ እስከ ዐቢይ ጾም ሊደርስ ይችላል። ስታርቹ ቀስ በቀስ ወደ ስኳርነት ስለሚለወጥ ከተቆረጠ በኋላ ጥቂት ሳምንት የቆየ ዱባ ዕለቱን ከተቆረጠው ይልቅ ይጣፍጣል።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው

ቅርፊቱ ያልተነሣ የደረሰ ዱባ 2 ኪሎ፣ መካከለኛ ድንች 3፣ ካሮት 2፣ ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ፣ ነጭ ሽንኩርት 3 ፍንካች፣ የምስር ክክ 1 የውሃ ብርጭቆ፣ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፣ የዱባው ፍሬ 1 የውሃ ብርጭቆ፣ አንድ እፍኝ በደቃቁ የተከተፈ ለጋ ጎመን ወይም ቆስጣ፣ አዮዲን ያለው ጨው። የውሃ ብርጭቆ ስንል ሩብ ሊትር የሚይዘውን ነው። ውሃው በጠቅላላ ከ5 ብርጭቆ አይበልጥ።

ድንች በማይገኝበት ቆላ አካባቢ ጎደሬ ሊተካው ይችላል፤ በደንብ ካልበሰለ ግን ጉሮሮ ያሳክካል። እንሰት በሚበቅልበት አገር ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡላ ከሁሉም ይበልጣል። ቡላው በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ነው የሚገባው፤ በፈላ ድስት ላይ ደረቁን የሚነሰንስ ሰው እኛ በስንዴ ዱቄት ያየነውን ያያል። በካሮት ፈንታ ብርቱካናማ ስኳር ድንች የሚያገኝ ቤተሰብ የተሻለ አድርጓል። በሱቅ የሚሸጠው የሾርባ ኩብ አያስፈልግም፤ አብዛኛው ጨው ነው።

ዱባው ተቆርጦ ሲከፈት ትንሽ ቁራጭ በምላስ ጫፍ ይቀመስ። መራራ ከሆነ ምንም ያህል ቢያሳዝን መጣል አለበት፤ ኩከርቢታሲን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር በመቀቀል የማይጠፋና ሆድን የሚያውክ ነው። ዱባው የመረረው ቅል አጠገብ ስለ በቀለ ነው የሚል ቢኖር ልክ አይደለም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው ሁሉ ዘራቸውም ለየብቻ ነው፣ አይዳቀሉም።

ከፍሬው የሚገኘው ወተት

በውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት የዱባ ሾርባ ለስላሳ የሚሆነው በመጨረሻ ላይ የወተት ክሬም ሲጨመርበት ነው። ክሬም ለገበሬው ቤት ሩቅ ነው፤ በጾም ቀን ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ይሁን እንጂ እናቶቻችን ሱፍ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውሃ አሽተው ነጭ ወተት የሚመስል ውሃ ሲያወጡና ፍትፍት ሲሠሩበት ኖረዋል። ይኸው የሱፍ ውሃ ለዱባ ሾርባም ክሬም ይሆናል። ሱፍ የሌለው ቤት ደግሞ እጁ ላይ ያለውን እየጣለ ነው። የዱባ ፍሬ አስኳል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ካሮቲኑ ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚያስፈልገው ቅባት ዱባው በራሱ ሆድ ውስጥ ተሸክሞት ይገኛል ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ፍሬው ከጭቡ ተለይቶ ይታጠብና በጥላ ይደርቃል። በምጣድ ላይ በዝግ እሳት እየተማሰለ መፈንዳት እስኪጀምር ይቆላል፤ ካረረ ሾርባውን ያመርረዋል። በሙቀጫ በደንብ ይወቀጣል። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ተኩል ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ፣ ፈልቶ የበረደ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ በእጅ ማሸትና በነጠላ ጨርቅ ወይም በጠበቀ ወንፊት ማጥለል ነው። አተላው እንደገና በጥቂት ውሃ ታሽቶ ቢጠለል ሌላ ወተት ይወጣዋል። ገለባው ሕፃን ስለሚያንቅ ማጥለሉን መዝለል አይቻልም። ይህ ውሃ ቀድሞ ከተነገረው 5 ብርጭቆ ውጭ ነው።

አሠራር

ዱባው በውጭ ታጥቦ ከነቅርፊቱ በትልልቁ ይቆረጣል። ጥሬ ቅርፊት በቢላዋ መላጥ እጅ ያስቆርጣል፣ ሥጋውንም ያባክናል። ከ2 ብርጭቆ ውሃ ጋር ድስቱ ተከድኖ 20 ደቂቃ ያህል ቢቀቀል ሥጋው በማንኪያ ይፈለፈላል። የተቀቀለበት ውሃ አይደፋም፤ ወደ ሾርባው ይመለሳል።

በሌላ ድስት ሽንኩርቱ በዘይት እስኪለሰልስ ድረስ ይበስላል፣ መቅላት የለበትም። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ታጥቦ የተለቀመው የምስር ክክ፣ በትንንሹ የተከተፈው ድንችና ካሮት ይጨመርና የቀረው 3 ብርጭቆ ውሃ ይገባበታል። አትክልቱን በትንንሹ መክተፍ ማገዶ ይቆጥባል። ክኩ ሲፈርስና ድንቹ በማማሰያ ሲጫን የሚደቅ ሲሆን የተፈለፈለው ዱባ ከነውሃው ይቀላቀላል። ከዚህ በኋላ ያለው የክንድ ሥራ ነው። ድስቱ ከእሳት ወርዶ በማማሰያ ወይም በታጠበ ዘነዘና እብጠት እስኪጠፋ ድረስ ይደቆሳል። የኤሌክትሪክ መፍጫ ያለው የከተማ ቤት በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ሌላው ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል።

ድስቱ ተመልሶ በዝግ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ጎመኑ ይጨመርና 10 ደቂቃ ይበስላል። የፍሬው ወተት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ገንፈል እስኪል እያማሰሉ መጠበቅ ይበቃል፤ ብዙ ከፈላ ይቆራረጣል። በፍስክ ቀን አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት በዚሁ ቦታ ሊተካ ይችላል። ጨው መጨረሻ ላይ ይደረጋል፣ ምክንያቱም አዮዲኑ በረጅም መፍላት ይቀንሳል።

መመዘኛው አንድ ነው። ሾርባው በማንኪያ ተነሥቶ ማንኪያው ሲዘነበል በዝግታ የሚንሸራተት እንጂ እንደ ውሃ የሚወርድ መሆን የለበትም። ቀጭን ከሆነ ዱቄት አይነሰነስበት፤ ክዳኑ ተነሥቶ ጥቂት ይቆይ።

የሕፃኑ ድርሻ

6 ወር የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋር ይህን ሾርባ መብላት ይችላል። የእርሱ ድርሻ ከጨውና ከቅመም በፊት ይወጣል፤ ለአዋቂዎች ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ከዚያ በኋላ ይጨመራል። በሕፃኑ ሳሕን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ይደረግ። ሲጀመር ሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ እየለመደ ሲሄድ ግማሽ ብርጭቆ፣ ዓመት ከሞላው በኋላ እስከ አንድ ብርጭቆ ይደርሳል። የተረፈ የሕፃን ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ። የትናንት ሾርባ ለሕፃን አይሰጥም።

በጾም ወቅት አንድ ነገር ይታያል። ሕፃናት መጾም እንደማይጠበቅባቸው እናቶች ያውቃሉ፤ ነገር ግን የጾሙ ዕቃ በፍስክ እንዳይነካካ ሲሉ ወተቱንም እንቁላሉንም ከሕፃኑ ያስቀራሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዚህ ጉዳይ ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ መያዝ ነገሩን ይፈታዋል። ቤተሰቡ የፍሬውን ወተት ሲበላ የሕፃኑ ድርሻ በትንሿ ድስት ተወስዶ በደንብ የበሰለ እንቁላል ወይም ወተት ይጨመርበታል። ይህንንም ሳይሆን ቢቀር የፍሬው ወተትና የምስሩ ክክ ያሉበት ሾርባ ከባዶ ቅቅል እጅግ ይሻላል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በመስከረምና በጥቅምት ዋጋው የሚወርደው ሁሉም በአንድ ሳምንት ወደ ገበያ ስለሚያወጣው ነው። ለማኅበሩ የሚያዋጣው የደረሰውን ብቻ በጥፍር እየፈተነ መረከብና በቆጥ ማስቀመጥ ነው። የተጫረውን፣ እጀታው የወደቀውንና የወደቀ ፍሬ የሚመስለውን ወዲያውኑ ይሽጥ፤ ሊያስቀምጥ ቢሞክር ሌላውን ያበሰብስበታል። በእያንዳንዱ ዱባ ላይ የተረከቡበት ቀን በከሰል ቢጻፍ የትኛው መቅደም እንዳለበት አያከራክርም። ግዢው በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ይሁን። በቁጥር ሲገዛ አባላት ትልቁን ጥሬ ዱባ ያመጣሉ፣ እኛም በመጀመሪያው ቀን ያታለለን እርሱ ነው። በጾሙ ወራት በቁራጭ ለመሸጥ የሚፈልግ ማኅበር ዕለቱን የሚያልቀውን ብቻ ይቁረጥ።

አንዳንድ ማኅበር ዱባ አድርቆ በዱቄት ለመያዝ ይጠይቀናል። ይቻላል፤ ነገር ግን በስሱ ተቆርጦ በጥላ መድረቅ አለበት። በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዱባ ካሮቲኑን ያጣል፣ የቀረው ጣፋጭ ዱቄት ብቻ ይሆናል።

ፍሬው ሁሉ ለወተት እንዳይቆላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ አባል ጓሮ ሥጋው ከሁሉ ይልቅ ብርቱካናማ፣ ወፍራምና ጣፋጭ የሆነው ዱባ በተከፈተ ጊዜ ከፍሬው ሁለት እፍኝ ለዘር ይለይ፤ ታጥቦ በጥላ ይድረቅና ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት በቅል ወይም በጠርሙስ ይቀመጥ። ሠርቶ ማሳያው የሚሻለው በኅዳር ማብቂያ፣ ከገበያ ቀን ውጭ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በመሆን ነው። ሙቀጫውንና ዱባውን መንደሩ ያቅርብ፤ ማማሰያውንም ከመጀመሪያው ጀምሮ እናቶቹ ይያዙት።